ለልብስ የሚሣል ፊደል

የጂንካ ልብስ ሰፊ ለሥራው መለያ ሲያስብ፣ ከኮምፒውተር ከሚመረጥ ፊደል በእጅ የተሣለው ይበልጥብኛል። «ሐመር» የሚለውን ስም እንውሰድ። ሐ በሦስት እግሩ ይቆማል፤ የመ ሁለት ክቦች የሐመር ሴቶች ክንድ ላይ እንደሚደረደሩት አምባሮች ተጠጋግተዋል። ሠዓሊው የሐን መካከለኛ እግር ቢያሳጥር ስሙ የራሱ መልክ ይኖረዋል፤ ቀኙን ካስረዘመ ግን ሓ ይሆንበታል። ነፃነቱና ገደቡ እንዲህ መቀራረባቸው በጣም ደስ ይለኛል! ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ክብደቱ ሁሉ የሚመጣው ከቅርጹ ነው። የፊደል ሠዓሊው ይገዙ ብሥራትም ይህን ጥበብ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረውታል። ፊደሉ ጥልፍ ላይ ሲወርድ ደግሞ ቀጭን መስመር በክሩ ይዋጣል፤ ስለዚህ ጎበዝ ሠዓሊ ንድፉን ከወረቀት ቀጥሎ በጨርቅ ላይ ይፈትነዋል።