ለደነዘዘ እግር ሁሉ አንድ መድኃኒት?

«እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ያቃጥለኛል» ለሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። መጀመሪያ የቫይታሚን ቢ እንክብል፤ አልሻል ካለው ደግሞ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን፣ ማለትም ስቴሮይድ። ሁለቱም በቦታቸው ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ትችቴ በመድኃኒቶቹ ላይ አይደለም፤ መንስኤው ሳይጣራ «ለነርቭ ነው» ተብለው በሚሰጡበት አሠራር ላይ ነው።

እስቲ ከነርቩ እንጀምር። ከጀርባችን ተነስቶ እግር ጣት የሚደርሰው የነርቭ ክር አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ብዙዎቹ ክሮች እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን አላቸው፤ ማይሊን ይባላል። ገመድ ሲበላሽ «ሽፋኑ ነው የተላጠው ወይስ ሽቦው ነው የተጎዳው? ምንስ ጎዳው?» ብሎ ሳይጠይቅ ጥገና የሚጀምር መሐንዲስ የለም። የነርቭ ጉዳትም የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ብዙ በሽታዎች የሚያደርሱት ጉዳት ነው።

ስቴሮይድ የሚሠራው የሰውነት መከላከያ ራሱ ነርቭን ሲያጠቃ ነው። ሲአይዲፒ በተባለው ሕመም መከላከያው ማይሊንን ስለሚያጠቃ ስቴሮይድ ይረዳል። በሥጋ ደዌም ነርቭ ሲቆጣ በጊዜ የተጀመረ ፕሬድኒሶሎን እጅና እግርን ከዘላቂ ጉዳት ሊያድን ይችላል። ግን ይህም ሕግ በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ጊያን ባሬ የሚባለው ሕመምም ከመከላከያው የሚመጣ ነው፣ ስቴሮይድ ብቻውን ግን እንደማይጠቅመው በጥናት ታይቷል።

ዋናው ችግር ያለው ስኳር ላይ ነው። በዓለም ላይ በብዛት ነርቭ የሚጎዳው የስኳር በሽታ ሲሆን፣ ስቴሮይድ ደግሞ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስኳር እንዳለበት ያልታወቀ ሰው ለእግሩ ብሎ ዴክሳሜታዞን ሲወስድ፣ እሳቱ ላይ ጭድ እየጨመረ ነው።

«ቫይታሚኑስ ምን ይጎዳል? ቢበዛ በሽንት ይወጣል» ትሉ ይሆናል። ለጎደለው ሰው ቫይታሚን ሁነኛ ሕክምና ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ወይም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ጭራሽ የማይቀምስ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። ለቲቢ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቢ6 የሚታዘዝለት ነርቩ እንዳይጎዳ ነው። ነገር ግን ያው ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። በ1983 እ.ኤ.አ. በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ሲወስዱ የነበሩ 7 ሰዎች ከባድ የስሜት ነርቭ ጉዳት እንደደረሰባቸው ሐኪሞች ዘግበዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ 12 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንዳንድ «የነርቭ» እንክብል ግን በአንዱ ፍሬ 100 ወይም 200 ሚሊግራም ይይዛል። ለአጭር ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ለወራት በራስ ፈቃድ ሲዋጥ ግን መድኃኒቱ ሕመሙን ሊመስል ይችላል።

«ምርመራው ውድ ነው» የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት አለው። የነርቭ ፍጥነት መለኪያ በየቦታው አይገኝም። የደም ስኳር ምርመራ ግን በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ቀላል ነገር ነው፤ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ምን ትበላለህ? ትጠጣለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ስለዚህ እንክብሉን ከመቀበላችሁ በፊት «ነርቤን የጎዳው ምንድን ነው?» በሉ። በፓኬቱ ላይ የቢ6ን መጠን አንብቡ። ስቴሮይድ ለሳምንታት ስትወስዱ ከቆያችሁ ግን ይህን አንብባችሁ በድንገት እንዳታቆሙ፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መውረድ አለበት። ድካሙ ከእግር ወደ ላይ በቀናት ውስጥ ከወጣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።