ድምፁን የተነፈገ አዝማሪ፦ ‹‹ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ›› ፊልም ከጎንደር አራዳ ሲታይ

ጨዋታን ወደ ፊልም መመለስ ልብ ወለድን ከመመለስ ይከብዳል። ልብ ወለድ ያለቀለት ታሪክ አለው። ጨዋታ ያለው ሕግ ነው፤ ታሪኩ የሚወለደው ተጫዋቾቹ ሲሰበሰቡ ነው፣ ሲበተኑም አብሮ ይበተናል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ ያቀረቡት ‹‹ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ›› ደግሞ በዚህ ረገድ ከሁሉም ይብሳል። ጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ ተራኪ ሆኖ ዋሻውን፣ ከተማውን፣ ጭራቁን በቃል ይሥላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ነፍስ ሆነው ‹‹አሁን ምን ታደርጋለህ?›› ሲባሉ ይመልሳሉ። ሐሳባቸው ይሳካ አይሳካ የሚለየው ሃያ ገጽ ባለው የዕጣ ጠጠር ነው። እንደ ሰንጠረዥ ንጉሥ ተይዞ የሚያልቅ ጨዋታ ስላልሆነ አሸናፊም የለውም።

ይህ አጨዋወት ለጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም። እንቆቅልሽ ሲጫወቱ መልሱ የጠፋው ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ያንን አገር ተቀብሎ፣ እዚያ ሄዶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማን እንደተቀበለው ይተርካል። ደባርቅን የተቀበለ ልጅ ለዚያች ምሽት የደባርቅ ባለቤት ነው። በአዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው፤ እንግዳው ‹‹ተቀበል!›› ብሎ ስንኝ ያቀብላል፣ አዝማሪው በመሰንቆው አዙሮ ይመልሰዋል፤ ግጥሙ የሁለቱም ነው። እኔ ጆናታን ጎልድስታይንና ጆን ፍራንሲስ ዴሊ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡትን ‹‹ኦነር አመንግ ቲቭስ›› የተባለውን የዚህን ጨዋታ ፊልም የምወደው በዚህ መንገድ ስለማየው ነው። ፊልሙ ያነሣው የጨዋታውን ዓለም ብቻ አይደለም፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ‹‹ተቀበል›› ጭምር አንሥቶታል። ቅሬታዬም ከዚያው ይነሣል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከርሱ በፊት የመጣው የኮርትኒ ሰለሞን ፊልም (እ.ኤ.አ. 2000) ስሞቹን ወስዶ አጨዋወቱን ትቶ ነበር። ዘንዶ አለ፣ ጠንቋይ አለ፣ ተዋናዩ ጄረሚ አይረንስ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን አንድም ጊዜ መምረጥ ያለባቸው አይመስሉም። በጨዋታው መጻሕፍት እጅግ ከሚፈሩት ፍጡራን አንዱ የሆነው ባለብዙ ዓይኑ ጭራቅ በሩን እየጠበቀ ሳለ ጠጠር ተወርውሮ ስለተንኳኳ ብቻ ዞር ይልላቸዋል። ጨዋታውን ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። አስፈሪው ነገር አስፈሪ ካልሆነ የተጫዋቹ ብልሃትም ዋጋ ያጣል።

የ2023ቱን ፊልም ምንነት የሚያሳየው የድልድዩ ትዕይንት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሌባው ኤድጊንና ጓደኞቹ ከምድር በታች በገደል ላይ የተዘረጋ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ይገጥማቸዋል። ጻድቁ ባላባት ዜንክ የአረማመዱን ሕግ በጥንቃቄ ማስረዳት ይጀምራል፤ የትኛው ድንጋይ በስንተኛው እርምጃ እንደሚረገጥ፣ መቼ ወደ ጎን እንደሚኬድ። ማብራሪያው ሳያልቅ አስማተኛው ጓደኛቸው ሳይመን የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳያውቅ ይረግጠዋል፤ ድልድዩም በሙሉ ይናዳል። ታላቁ እንቆቅልሽ ማንም ሳይሞክረው ቀረ። መፍትሔውስ ከየት መጣ? ተዋጊዋ ሆልጋ እንደ ተራ ምርኩዝ ይዛው ከምትዞረው በትር፤ በትሩ በሁለት ሥፍራዎች መካከል በር የሚከፍት አስማተኛ በትር ሆኖ ይገኛል። ጨዋታውን መርቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ የተራኪውን ትንፋሽ ይሰማል። ሲያዘጋጀው የሰነበተውን ፈተና ተጫዋቹ በአንድ እግሩ ስላበላሸበት፣ ታሪኩ እንዳይቆም በተጫዋቾቹ እጅ ያለውን ዕቃ አንሥቶ አዲስ ኃይል ይሰጠዋል።

በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥም ተመሳሳይ መንፈስ ነበር። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የዚህን ጨዋታ ታሪክ ሲያጠና እንዳሳየው፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ሕጉ ራሱ ለግርግር ቦታ ይለቃል። ዴሊና ጎልድስታይንም ግርግሩን እንደ ስሕተት አልቆጠሩትም፤ የፊልሙ አጥንት አደረጉት።

የመቃብሩ ትዕይንት ከድልድዩም ይልቃል። ሳይመን አስከሬን ያስነሣል፤ አስከሬኑ አምስት ጥያቄ ብቻ መልሶ ለዘለዓለም ዝም ይላል። ጓደኞቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ያመለጣቸው ጥያቄ ሁሉ ከአምስቱ ስለሚቆጠር አንዱን ሬሣ አባክነው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ሰዉ ይስቃል፣ ይገባዋልም። እኔን የያዘኝ ግን ከሳቁ ሥር ያለው ነገር ነው፤ በአንድ ጦርነት ከወደቁት እያንዳንዱ ሙት ጦርነቱን እስከሞተበት ቅጽበት ብቻ ያውቀዋል፤ ታሪኩ የሚሟላው ቁራጩን ከቁራጩ በማቀባበል ነው። ያለምንም ስብከት የጨዋታው አሠራር በአንድ መቃብር ሥፍራ ተገልጧል።

ስለ ዘንዶውም አንድ ነገር ልበል። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ያደገ ዓይን ዘንዶን የሚያውቀው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ሥር ነው፤ ብሩታዊት ከዳር ቆማ ታያለች፣ ጦሩ ወርዷል፣ ፍርዱ አልቋል። በፊልሙ ያለው ከመጠን በላይ የወፈረ ዘንዶ በሆዱ እየተንከባለለ ሲያሳድዳቸው ማንም አይገድለውም፤ ማምለጥ ብቻ ነው። ሥዕሉ ድሉን አስቀድሞ ያውቃል፤ ጨዋታው አያውቅም። ሁለቱ የተለያዩ የእምነት ዓለሞች ናቸውና አንዱን በሌላው መመዘን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤድጊን፣ ክሪስ ፓይን የሚጫወተው፣ አዝማሪ ነው። በጨዋታው ሕግ አዝማሪ ተራ ዘፋኝ አይደለም። በዜማው ለጓደኛው ብርታት ይሰጣል፤ ጓደኛው ሃያ ገጹን ጠጠር ሲጥል የአዝማሪው ስጦታ ተጨምሮ ይቆጠርለታል። ስድቡ ደግሞ ያቆስላል፤ በአምስተኛው እትም ላይ በመሸንቆጥ ብቻ ጠላትን የሚጎዳ አስማት አለው። ይህን ሕግ የጻፉት ሰዎች ጎንደርን አስበው አልጻፉትም፤ ያም ሆኖ በአዝማሪዎች መንደር በቡርቧክስ ተወልዶ መሰንቆ ከአባቱ የተማረ ሰው ቢያነበው ሥራውን ያውቅበታል። አዝማሪ አንዱን አወድሶ ገንዘብ በግንባሩ ያስለጥፋል፣ ሌላውን በሰምና ወርቅ ወግቶ አንገቱን ያስደፋል፤ ሁለቱንም የሚያደርገው በዚያው ክር ነው።

ፊልሙ ይህን ኃይል ከኤድጊን ላይ ወስዶበታል። ክራር መሰል መሣሪያውን ይዞ ይዞራል፣ ከሆልጋ ጋር አንድ ዘፈን ያዜማል፣ በጠብ ጊዜም መሣሪያውን እንደ ዱላ ያነሣዋል። ዘበኞችን በዘፈን የሚያዘናጋ ‹‹ኤድጊን›› ቢታይም ሳይመን የፈጠረው ምትሃት ነው፤ እሱም እየተበላሸ ይወላገዳል። ፓይን ይህን ክፍተት በንግግር ሊሞላው ይጥራል፤ ውድቀትን እንደ ነውር እንዳያዩ ጓደኞቹን የሚያበረታታበት ንግግር ከልብ የወጣ ነው፣ ለእኔም ደርሶኛል። ነገር ግን ንግግሩ የማንም ጥሩ አለቃ ንግግር ሊሆን ይችላል። የአዝማሪ የሚያሰኘው ዜማ፣ ድርብ ትርጉም፣ አድማጩን ተባባሪ የሚያደርግ ጥሪ የለበትም።

የአዝማሪ ቃል ኃይል አለው ስል ስለ ተረት ብቻ አልናገርም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑን እንደራሴ ግራዚያኒን ለመግደል ከተሞከረ በኋላ የፋሽስቱ አስተዳደር በአዲስ አበባና በአካባቢዋ እየዘፈኑ ታሪክ የሚያወሩትን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እያሰሱ እንዲገድሉ ትእዛዝ ሰጥቷል። ጥፋታቸው የወራሪው አገዛዝ ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ በሕዝቡ መካከል መዝራት ነበር። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ኃይል መሰንቆ የያዘን ሰው ፈራ።

ለዚህ ነው የፊልሙ መጨረሻ የሚቆጨኝ። ቀይዋ ጠንቋይ ሶፊና በከተማው የውድድር ሜዳ የተሰበሰበውን ሕዝብ በሙሉ ወደ ሙታን ሠራዊት ልትለውጥ ትዘጋጃለች፤ ሕዝቡ ከሜዳው መውጣት አለበት፣ ጊዜ የለም። ኤድጊንና ጓደኞቹ የከተማውን ገዢ የፎርጅን ሀብት በከተማው ላይ ከሰማይ ይበትኑታል፤ ሰዉም ወርቁን ለመልቀም ሜዳውን ጥሎ ይወጣል። ለሌቦች ታሪክ የሚስማማ ብልሃት ነው፤ ሀብትን መተው ለእነርሱ ትልቅ መሥዋዕትነት መሆኑንም አልክድም። ሆኖም ሕዝብን ከሞት የሚጠራ ሥራ በእጁ ላይ በወደቀ ሰዓት፣ ታሪኩ አዝማሪ ብሎ የሰየመው ሰው አፉን አልከፈተም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሮት የተጓዘ ተመልካች ከርሱ የጠበቀው ጥሪ ነበር፤ የደረሰው ግን ሳንቲም ነው።