ሻጩ የጠፋበት የገበያ ታሪክ

ጋዜጠኛው ብራድ ስቶን «ዘ ኤቭሪቲንግ ስቶር» የተሰኘውን የአማዞን ታሪክ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በዚያው ዓመት በአማዞን ላይ ከተሸጠው ዕቃ 46 በመቶው የአማዞን አልነበረም፤ የሌሎች ነጋዴዎች ነበር። ቁጥሩን ኋላ ላይ ይፋ ያደረገው የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ራሱ ነው። በ2019 ለባለአክሲዮኖች በላከው ደብዳቤ፣ የውጭ ሻጮች ድርሻ በ1999 ከነበረበት 3 በመቶ ተነሥቶ በ2018 እስከ 58 በመቶ እንዴት እንዳደገ ዓመት በዓመት ዘርዝሮታል። ስቶን ታሪኩን የጻፈለት መደብር እንግዲህ ግማሽ ጎኑ በሰው ዕቃ የቆመ ነበር። የዕቃውን ባለቤቶች በመጽሐፉ ውስጥ ለማግኘት ግን አንባቢው ገጽ እያገላበጠ መፈለግ አለበት።

መጽሐፉን ያነበብኩት የአንድ ባለጸጋን የሕይወት ታሪክ ለማወቅ ብዬ አይደለም። በአሜሪካ ገበያ ዕቃውን ሊሸጥ አስቦ፣ አማዞን ልግባ፣ ኢቤይ ይሻለኛል፣ ወይስ ኤትሲና ዋልማርትን ልሞክር እያለ ለሚያመነታ ሰው ምን ይነግረዋል በሚል ዐይን ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ መጽሐፉ በጣም ጠቃሚም በጣም ጎዶሎም ነው። ጠቃሚ የሆነባቸው ገጾች ደግሞ ደራሲው ራሱ እንደ ዋዛ ያለፋቸው ናቸው።

በቅድሚያ ለሥራው የሚገባውን ክብር እንስጠው። ስቶን አማዞንን ለዓመታት የተከታተለ ዘጋቢ ነው። ቤዞስ ለመጽሐፉ ቃለ መጠይቅ ባይሰጠውም፣ የቅርብ ሰዎቹንና የኩባንያውን ከፍተኛ ኃላፊዎች እንዲያነጋግር ፈቅዶለታል። ስቶን በዚህ ሳይወሰን የቀድሞ ሠራተኞችን አሳድዶ አነጋግሯል፤ የቤዞስን ወላጅ አባት ሳይቀር አሪዞና ውስጥ በብስክሌት ሱቁ አግኝቶታል። ሰውየው ልጁ ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። መጽሐፉ በዚያው ዓመት የፋይናንሻል ታይምስና የጎልድማን ሳክስን የዓመቱ ምርጥ የቢዝነስ መጽሐፍ ሽልማት ወሰደ። በአማዞን ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የቤዞስ የያኔዋ ባለቤት ማኬንዚ አንድ ኮከብ ሰጠችው፤ ስሕተት ነው ያለችውን ነቅሳ፣ ባሏ የካዙኦ ኢሺጉሮን ልቦለድ ያነበበው ኩባንያውን ከመሠረተ በኋላ ነው ስትል ሞገተች። የመደብሩ ባለቤት ሚስት በመደብሩ ውስጥ የሚሸጠውን ዕቃ ስታጣጥል ማየት ለሻጭ ደስ የሚል ትዕይንት ነው።

በመግቢያው ላይ ቤዞስ ደራሲውን ታሪክን በመልክ በመልኩ ሰድሮ ከማሳመር ወጥመድ እንዴት እንደሚያመልጥ ይጠይቀዋል። ስቶን ጥያቄውን በቅንነት ያሰፍረዋል፤ ከወጥመዱ ግን ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። በእሱ ትረካ ነገር ሁሉ ከአንድ ሰው ጭንቅላት ይመነጫል፤ ሌላው ይደነግጣል፣ ይታዘዛል ወይም ይባረራል። ሻጩም የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም ነገር የአንድ ሰው ሐሳብ ከሆነ፣ ከውጭ ዕቃውን ይዞ የመጣው ነጋዴ ከአጃቢነት አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ኢቤይ በ1998 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ ቤዞስ ተጨነቀ። በመጋቢት 1999 የራሱን ጨረታ ከፈተ፤ አልሠራም። በዚያው ዓመት መስከረም ዚሾፕስ የተባለ፣ ነጋዴዎች ሱቅ የሚከፍቱበት ጥግ አዘጋጀ፤ ገዢ ወደዚያ ጥግ ዝር አላለም። በኅዳር 2000 ግን ማርኬትፕሌስ መጣ። ልዩነቱ በሐሳብ ደረጃ ትንሽ ይመስላል፤ ጥጉ ቀረና የሌላው ሻጭ ዕቃ አማዞን ራሱ በሚሸጥበት የምርት ገጽ ላይ፣ ጎን ለጎን እንዲቀመጥ ተደረገ። አንድ ዕቃ አንድ ገጽ ብቻ ይኖረዋል፤ ገጹን ሻጮቹ ይጋሩታል፤ ማን በርካሽ እንደሚያቀርብ ገዢው እዚያው ያያል።

ስቶን ይህን የሚተርከው እንደ ውስጥ ድራማ ነው። የየክፍሉ ኃላፊዎች፣ «በራሳችን መደርደሪያ ላይ ተፎካካሪ ልናስቀምጥ ነው?» ብለው ተንገበገቡ፤ ደራስያንም አዲሱ መጽሐፍ አጠገብ አሮጌው በርካሽ መሸጡን ተቃወሙ፤ ቤዞስ ግን ጸና። ድራማው እውነት ነው፤ ግን ታሪኩ በውስጥ ሰዎች ንዴት አያበቃም። ማርኬትፕሌስ በተከፈተባት ቀን የሻጩ ማንነት ተለወጠ። በኢቤይ ላይ ማስታወቂያው የሻጩ ነው፤ ፎቶውንም ጽሑፉንም እሱ ይሠራል፤ ስሙም አብሮ ይታያል። በአማዞን ላይ ገጹ የዕቃው ነው፤ ሻጩ ከገጹ ጎን የተለጠፈ ዋጋ ነው። ገዢው «ከማን ገዛህ?» ቢባል «ከአማዞን» ነው የሚለው። ዛሬ ነጋዴዎች ሌሊት ተነሥተው የሚያዩት ባይ ቦክስ፣ ማለትም ገዢው የግዛ ቁልፉን ሲጫን ሽያጩ ለየትኛው ሻጭ እንደሚደርስ የሚወስነው ሳጥን፣ ሥሩ እዚህ ውሳኔ ላይ ነው። ስቶን ቆፍሮ አጠገቡ ደርሶ ነበር፤ ዞር ብሎ ወደ ቤዞስ ተመለሰ።

ትልቅ ሻጭ መሆንም ዋስትና አይደለም። የአሻንጉሊት መደብሩ ቶይስ አር አስ በ2000 ከአማዞን ጋር የ10 ዓመት ውል ሲፈራረም በዘርፉ ብቸኛው ሻጭ እሆናለሁ ብሎ ነበር። ማርኬትፕሌስ ሲስፋፋ ሌሎችም አሻንጉሊት ይዘው ገቡ። ቶይስ አር አስ በ2004 ከሰሰ፣ በ2006 ኒው ጀርሲ ውስጥ ተፈረደለት፣ በ2009 አማዞን 51 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነገሩ በስምምነት ተዘጋ። ጠበቃ የሚያቆም ነጋዴ በፍርድ ቤት ረታ ማለት ነው። ጓዳውን መጋዘን ያደረገ ሻጭ ግን ይህን ያህል ዓመት ማን ይጠብቀዋል?

ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ስለ ቩስቶፍ የሚያወራው ነው። ከ1814 ጀምሮ በጀርመኗ ዞሊንገን ቢላዋ የሚሠራ የቤተሰብ ድርጅት ነው። የአሜሪካ ቅርንጫፉ ለቸርቻሪዎች ዝቅተኛ የማስታወቂያ ዋጋ ያወጣል፤ ከዚያ በታች ማስተዋወቅ ክልክል ነው፤ አለበለዚያ ቢላዋውን በመስታወት ደርድሮ፣ ሻጭ ቀጥሮ የሚያሳየው የሰፈር ሱቅ ይዘጋል። አማዞን ደግሞ ከሌላ ቦታ ያነሰ ዋጋ ባየ ቁጥር ያንን ተከትሎ ይወርዳል። ቩስቶፍ ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ከወጣም በኋላ ቢላዋው ከገጹ አልጠፋም፤ ከሌላ አቅጣጫ ያገኙት ሻጮች በማርኬትፕሌስ ይሸጡት ነበር። እዚህ ላይ ስቶን ሻጩን አስቀምጦ ያናግረዋል፣ የሒሳቡን ጭንቀት ያሳየናል፣ አማዞንንም አይራገምም። ጠቅላላው መጽሐፍ በዚህ መልክ ቢጻፍ ኖሮ ይህን ዳሰሳ በምስጋና ብቻ እዘጋው ነበር። የቩስቶፍ ትምህርት ስለ ቢላዋ አይደለም፤ አንድን ገበያ መተው ማለት ዕቃህ ከገበያው ወጣ ማለት እንዳልሆነ ነው። እዚያ የለሁም የሚል አምራች፣ ዋጋውን ሌሎች የሚተምኑለት አምራች ሊሆን ይችላል።

በብዙ አንባቢ ዘንድ የሚጠቀሰው ግን የዳይፐርስ ዶት ኮም ታሪክ ነው። ባለቤቱ ኩዊድሲ በዳይፐር ሽያጭ ሲገን አማዞን የዳይፐር ዋጋውን እስከ 30 በመቶ ቆረጠ። የኩዊድሲ መሥራቾች እነ ማርክ ሎር ዋጋ ሲለዋውጡ የአማዞንም ወዲያው እንደሚከተል አስተዋሉ፤ በስሌታቸው አማዞን በሦስት ወር ውስጥ ለዳይፐር ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከስር ነበር። ዋልማርትም ሊገዛቸው ፈልጎ ነበር፤ በስቶን ትረካ ግን ፍርሃቱ አሸነፈና በ2010 ለአማዞን በ545 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጡ። ደራሲው ይህን እንደ ወንጀል ታሪክ ጥርስ እያስነከሰ ይተርከዋል። ተከታዩን ክፍል መጽሐፉ ሊያውቀው አይችልም፦ ሎር ጄት ዶት ኮምን መሠረተ፣ ዋልማርት በ2016 በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፣ ሎርም የዋልማርትን የአሜሪካ ኦንላይን ንግድ እስከ 2021 መራ። ዛሬ «ከአማዞን ሌላ» ተብሎ ለሻጭ የሚጠቆመው የዋልማርት ገበያ ጉልበት ያገኘው ከዚያ ሽንፈት በወጣ ሰው ነው።

መጽሐፉ ፈጽሞ የማይረዳው የሒሳብ ጉዳይ ላይ ነው። ቤዞስ ስንት ሰው ላይ እንደጮኸ እንጂ ሻጩ ከመቶ ዶላር ስንት እንደሚቀረው አይነግረንም። ገበያ መምረጥ ግን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። አማዞን ለባለሙያ ሻጭ በወር 39.99 ዶላር፣ በአብዛኛው ዘርፍ 15 በመቶ ኮሚሽን፣ ከዚያ የመጋዘንና የማድረሻ፣ ከዚያ የማስታወቂያ ይጠይቃል። ዋልማርት ወርኃዊ ክፍያ የለውም፤ ኮሚሽኑም በአብዛኛው ከ6 እስከ 15 በመቶ ነው። ኤትሲ ለአንድ ዕቃ ማስገቢያ 20 ሳንቲም ይወስዳል፤ የሽያጭ ክፍያውን በ2022 ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድግ ሻጮቹ ሥራ አቁመው ነበር። ኢቤይ በመጽሐፉ ውስጥ የተሸነፈ ባላንጣ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ፣ መለዋወጫና ለሰብሳቢዎች የሚሆን ነገር ለሚሸጥ ሰው ግን ዛሬም ሕያው ገበያ ነው። የተሸናፊ ታሪክ ሲጻፍ አሸናፊው የማይፈልገው ደንበኛ ይረሳል።

ስቶን ራሱ ክፍተቱን ያየው ይመስለኛል። በ2021 ባወጣው «አማዞን አንባውንድ» ሻጩ በዋናው በር ይገባል። አማዞን የቻይና አምራቾችን በቀጥታ ለአሜሪካ ገዢ እንዲሸጡ እንዴት እንደጋበዘ፣ ሐሰተኛ ዕቃ እንዴት እንደጎረፈ፣ የቀድሞ የጉግል መሐንዲስ የመሠረተው አንከር ቻርጀር ሸጦ እንዴት እንደገነነ፣ የፍለጋ ውጤቱ ላይኛው ረድፍ እንዴት የሚከፈልበት ማስታወቂያ እንደሆነ ይተርካል። ይህኛው መጽሐፍ እንደ መጀመሪያው አይጣፍጥም፤ የቤዞስ ሮኬትም ፍቺውም ጋዜጣውም ተደባልቀውበት ተዝረክርኳል። ሻጭ ለሆነ አንባቢ ግን ይበልጣል፤ ኮሚሽኑን ብቻ ያሰላ ነጋዴ ትርፉ ለምን በማስታወቂያ እንደሚያልቅ የሚገባው እዚህ ነው።

ሁለቱም መጽሐፎች ያልደረሱበት ነገር አለ። በመስከረም 2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ17 ግዛቶች ጋር ሆኖ አማዞንን ከሰሰ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ለገበያ መራጭ ከሁሉም ይከብዳል፦ አንድ ሻጭ በሌላ ድረ ገጽ ላይ በርካሽ ከሸጠ አማዞን ባይ ቦክሱን ያሳጣዋል ይላል። አማዞን ክሱን አይቀበልም፤ ክስ ነው እንጂ ፍርድም አይደለም። እውነት ከሆነ ግን ክፍያው በሚያንስበት ዋልማርት ላይ በርካሽ ልሽጥ የሚለው ብልህ ሐሳብ አማዞን ላይ ያስቀጣል ማለት ነው። ያኔ «የት ልሽጥ?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ አይኖረውም፤ የአንዱ ገበያ ዋጋ የሌላውን ይወስናልና። ስቶን ዋጋ ተከታዩን ማሽን በኩዊድሲ ታሪክ ውስጥ ካሳየን በኋላ ወደ ትንሹ ሻጭ አለማዞሩ ቆጨኝ።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ቡና ቆልተው፣ በርበሬና ሽሮ አሽገው፣ ጋቢና ነጠላ አስመጥተው የሚሸጡ ወገኖቻችን ይህ ሁሉ ይመለከታቸዋል። በእጅ የተሸመነ ነጠላ መንታ ስለሌለው ገጹን የሚጋራው የለም፤ ኤትሲ የእጅ ሥራን መለያው ያደረገ ገበያ ስለሆነ ክፍያው ቢጨምርም የሸማኔውን ታሪክ መንገር ይቻላል። በርበሬ በራስ ስም ታሽጎ፣ ስሙ በንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ አማዞን ሲገባ አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ድርጅት እሽግ ይዞ መግባት ግን በሰው ገጽ ላይ ዋጋ እየቆረጡ መጋፋት ነው። ከአዲስ አበባ በጥቅል ለሚልክም ሒሳቡ ተለውጧል፦ ኢትዮጵያ ከጥር 2022 ጀምሮ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚያስችለው አጎዋ ታግዳለች፤ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት በርም ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ተዘግቷል። የ2013ቱ መጽሐፍ ይህን ባለማወቁ አይወቀስም፤ ይዞት ገበያ የሚወጣ አንባቢ ግን ማወቅ አለበት።

ፍርዴ ይህ ነው። «ዘ ኤቭሪቲንግ ስቶር» ስለ ቤዞስ ከተጻፉት ውስጥ ከምርጦቹ አንዱ ነው፤ ስለ ገበያው ግን ግማሹን ብቻ የተናገረ ነው። ለታሪክ ጣዕም የሚያነብ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምር። ሊሸጥ ያሰበ ሰው የማርኬትፕሌስን አመጣጥና የቩስቶፍን ታሪክ ያንብብ፣ ሌላውን ይዝለል፣ ከዚያም «አማዞን አንባውንድ»ን ይያዝ። አካውንት ከመክፈቱ በፊት ደግሞ የየገበያውን የክፍያ ሠንጠረዥ አውጥቶ በራሱ ዕቃ ዋጋ ያስላ፤ ይህን ሥራ ስቶን አልሠራለትም።