የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት፦ የዲግሪው መስፈርትና የጋሸና ክፍል

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የመጀመሪያ ዲግሪ አስፈላጊ መሆኑ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የታወቀ መስፈርት ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ መስፈርቱ ጸንቶ ሲኖር፣ ወደ ዲግሪው የሚያደርሰው መንገድ ግን በተደጋጋሚ ተቀይሷል። ይህን መንገድ የሚመረምር ሰው ስንት ሰዎች ተመረቁ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ማስቀደም ይገባዋል። ይኸውም ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ላሊበላ መገንጠያ በሆነችው በብርዳማዋ ጋሸና ለሚማር ተማሪ የመምህሩ ዲግሪ ምን አተረፈለት የሚለው ነው።

በመጀመሪያው ሥርዓት የትምህርት ዓይነቱና የማስተማር ዘዴው ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ የሚሠለጥነው እጩ መምህር ሒሳቡን ወይም ታሪኩን ከሥነ ትምህርት ጋር አጣምሮ ይማራል። በዚህም ላይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በተዘረጋው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ይላኩ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመምህርነት አገልግለዋል። አሠራሩ ነቀፌታ አልታጣበትም። ዘማቹ በቂ ዝግጅት ሳይኖረው ሊደርስ ይችላል፤ አካባቢውን ሲለምድም የመመለሻው ጊዜ ይደርሳል። ሆኖም ዲግሪው ከመሰጠቱ በፊት እጩውን ከገጠሩ ክፍል ጋር ማስተዋወቁ ከዚያ በኋላ በመጡት ሥርዓቶች በእኩል ስፋት ያልታየ ቁም ነገር ነው።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ ተግባራዊ የሆነው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ የአራቱን ዓመት ሥልጠና ወደ ሦስት አሳጠረው። ምክንያቱ 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ስለሆኑ የቀድሞውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ዓመት ይተካሉ የሚል ነበር። የማስተማር ልምምድ ሰፋ ያለ ጊዜ እንዲያገኝ መደረጉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ልምምዱም፣ የሥነ ትምህርቱም፣ የትምህርት ዓይነቱም በሦስት ዓመት ውስጥ ሲታጨቁ መሳሳቱ አይቀርም፤ በተለይ በፊዚክስና በሒሳብ የሳሳው በኋላ በቀላሉ የሚሞላ አይደለም። በዚያው ዘመን ትምህርቱ በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ መሰጠት መጀመሩ ነገሩን የሚያስገርም ያደርገዋል። በአንድ እጅ ተማሪን ማዕከል ያደረገ አቀራረብ የሚከተል መምህር ይሠለጥናል፤ በሌላው እጅ አብዛኛው ክፍለ ጊዜ ከመምህሩ ተወስዶ ለመስኮቱ ይሰጣል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ዝግጅት ወዳልተጠየቀው መምህር ይመለሳል። መምህሩ ዲግሪውን የሚያሳይበት ጊዜ ያን ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ሥልጠናው ለምን ሥራ እንደታሰበ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ደግሞ ተቃራኒውን አቅጣጫ ያዘ። እጩው አስቀድሞ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪውን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ማስተማርን ይማራል። በዕውቀት ረገድ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ እንግሊዝን በመሳሰሉ አገሮችም የተለመደ ነው። ድካሙ በምልመላው ላይ ነው። መምህርነትን በመጀመሪያ ያልመረጠ ምሩቅ ሌላ ሥራ ሲያጣ ወደዚህ በር ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ዓመትም ፍላጎትን አይፈጥርም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ መምህራኗ የማስተርስ ዲግሪ እንዲይዙ ስትወስን፣ ከብዙ አመልካቾች ጥቂቶቹን መርጣ በዩኒቨርሲቲዎቿ የልምምድ ትምህርት ቤቶች ታሠለጥናለች። ምሳሌዋን የሚጠቅሱ ሰዎች ስለ ዲግሪው ከፍታ ብዙ ሲናገሩ ስለ ምርጫውና ስለ ልምምዱ ግን ጥቂት ይናገራሉ።

ከፊንላንድ ይልቅ ለጋሸና የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። ከጋሸና ወደ ምዕራብ በጋይንት አገር የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በዚህ ሥርዓት ለማስተማር የሚያበቃው ፈቃድ የሚገኘው የቆይታ ዘመን በመቁጠር አይደለም፤ ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ፊት ዕውቀቱን አሳይቶ ያስመሰክራል። ከዚያም በፊት ከፍ ያለው ተማሪ አስቀጻይ ሆኖ ታናናሾቹን ያስጠናል፤ ስለዚህ መምህር ተብሎ ሳይጠራ ማስተማርን ለምዷል። ሥርዓቱን እንዳለ ወደ ዘመናዊው ማዛወር አይቻልም፤ ብዙ ዓመታት ይፈጃል፣ ለሴቶችም በሩ ጠባብ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ፈቃድ ሰጪው የእጩውን ሥራ በዓይኑ አይቶና በጆሮው ሰምቶ የሚፈርድ መሆኑ ሊታለፍ የማይገባው ነው።

በዲግሪው ላይ የተጨመረው የሙያ ፈቃድ ምዘና የጽሑፍ ፈተናንና ማኅደረ ተግባርን ይዟል። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ የጽሑፍ ፈተና መምህሩ የሚያውቀውን እንጂ ሥልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል የሚያደርገውን አያሳይም፤ ማኅደሩም ቢሆን ወረቀቱን ከሚያዘጋጀው ሰው ጥንቃቄ ጋር የተያያዘ ነው። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ፣ የትምህርት ዓይነቱን የሚያውቅ መዛኝ ለሩቅ ወረዳዎች ካልተመደበ ፈቃዱ ሁለተኛ ዲፕሎማ ከመሆን አያልፍም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት፣ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ መሆናቸውን ባሳየ ጊዜ፣ ጣት በመምህሩ ላይ ለመቀሰር የቸኮሉ ነበሩ። ፍርዱ ሚዛን ይጎድለዋል። ጋሸና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የጦር ግንባር ነበረች፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። የማይቀመጡበትን ወንበር የማንም ዲግሪ አይተካውም።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ጥያቄ የልምምዱ ቦታ ነው። እጩ መምህራን በዩኒቨርሲቲው ከተማ ዙሪያ ብቻ ከተለማመዱ፣ የጋሸናን ክፍል በመጀመሪያ የሚያዩት በተመደቡበት ቀን ይሆናል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ወሎ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ስላለ ርቀቱ ከቀድሞው አጥሯል። የሚጎድለው በደጋው ለአንድ መንፈቅ የሚቆይ ልማማጅ የሚያድርበት ቤት፣ እርሱን ለሚከታተለው ነባር መምህር ከክፍለ ጊዜው የሚቀነስለት ሰዓትና የእነዚህ ወጪ በማን በጀት እንደሚያዝ የሚወስን መመሪያ ነው።