ስለ አሮጌው የመስኮት ሥርዓትና ስለ ግራፊክስ ካርዶቻችን

የዊንዶውስ 10 የጥገና ዘመን በኦክቶበር 2025 ካበቃ ወዲህ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ያሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ወደ ሊኑክስ ይዛወሩ የሚል ሐሳብ በተማሪዎች ዘንድ ይሰማል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን «ሊኑክስ ከሆነ ሥጋት የለም» ተብሎ የሚጨመርበት ቃል ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም።

ኤክስ ዊንዶው ሲስተም፣ ይኸውም የፕሮግራሞችን መስኮት በስክሪን ላይ የሚያወጣው ሥርዓት፣ በ1984 በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. ተጀመረ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራበት 11ኛው ዕትም የወጣው በሴፕቴምበር 1987 ነው። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር እርስ በርሳቸው የሚተማመኑ የአንድ ተቋም ሰዎች የሚገለገሉበት ዕቃ ነበርና፣ ሥርዓቱ ከስክሪኑ ጋር የተገናኘውን ፕሮግራም ሁሉ እንደ ቤተ ሰብ ይቈጥረዋል። ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም በሌላው መስኮት የሚጻፈውን ሁሉ ሊያነብ፣ የስክሪኑንም ሥዕል ሊቀዳ ይችላል። ይህም በስሕተት የገባ ሳይሆን ከመነሻው የተነደፈ ጠባይ ነው። በፊደላችን መጻፋችንም አይሸሽገንም፤ «ሰ»ን ለማውጣት የምንነካው የላቲኑን ቁልፍ ነውና፣ ሰላዩ የሚያነበው ቁልፉን ነው።

እውነተኞቹ ስሕተቶች ደግሞ ሌላ ናቸው። በ2013 መጨረሻ ኢልያ ቫን ስፕሩንደል የተባለው መርማሪ ሐምቡርግ ላይ በተደረገ ጉባኤ የኤክስን ኮድ ደካማነት ገለጸ። በጃንዋሪ 2014 የፊደል ቅርጽ በሚያነበው ክፍል ከ1991 ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ስሕተት ታወቀ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከ1987 የመጡ ጭምር ያሉባቸው ብዙ ጉድለቶች ተገለጡ። የኮዱን ክፍት መሆን ብቻውን እንደ ዋስትና የሚቈጥሩ ወንድሞቻችን ይህን ልብ ይበሉ፤ ለሁሉ ክፍት የነበረው ገጽ 27 ዓመት ሙሉ በደንብ ያነበበው አልነበረም።

ክሪስቲያን ሆግስበርግ በ2008 የጀመረው ዌይላንድ እያንዳንዱን ፕሮግራም ከገዛ መስኮቱ አያሳልፍም። ሬድ ሃትም በ2025 ባወጣው 10ኛ ዕትሙ የኤክስን ሰርቨር አስወጥቷል። እንግዲህ ሁሉም ይሻገር ማለት ቀላል ነው፤ ችግሩ ካርዱ ላይ ነው። ኤንቪዲያ የዌይላንድ ፕሮግራሞች በብዛት የሚጠቀሙበትን ጂቢኤም የተባለ የማኅደር አሠራር የተቀበለው በ2021 በ495ኛው ድራይቨሩ ነው። ይኸው ድራይቨር ግን የኬፕለርን ትውልድ፣ ማለት አብዛኞቹን የጂፎርስ 600ና 700 ካርዶች ጣላቸው። ለእነዚህ የቀረላቸው 470ኛው በ2024፣ ለ400ና ለ500ዎቹ የቀረው 390ኛውም በ2022 ጥገናው አበቃ። ስለዚህ የእነዚህ ካርዶች ባለቤት የኩባንያውን ድራይቨር ከያዘ፣ አርጅቶ ከተተወ ድራይቨርና ከኤክስ ጋር ይቀራል ማለት ነው።

«አዲስ ካርድ ግዙ» የሚለው የውጭ አገር መልስ፣ ብር በጁላይ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ለባለ ፎቶ ኮፒው መልስ ሊባል አይችልም። በእኔ አስተያየት የተሻለው መልስ ኑቮ ነው። ኩባንያው መግለጫውን ስላልሰጠ የውጭ ሰዎች የካርዱን ጠባይ እየመረመሩ የጻፉት ይህ ክፍት ድራይቨር በዌይላንድ ይሠራል፤ በብዙዎቹ ካርዶች ላይ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል እንጂ ማመልከቻ ለመጻፍና ለማተም ይበቃል። የኢንቴል ቺፕ ብቻ ያለው ኮምፒዩተር ግን ድራይቨሩ ክፍት ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይሻገራል፤ ገዢዎች የሚንቁት ማሽን በዚህ ረገድ የተሻለው ሆኖ መገኘቱ ያስገርማል።

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ሰው በኑቮ አይረካም፤ የካርዱን ሙሉ ኀይል ይፈልጋልና። እርሱ በኤክስ ይቈይ፤ ነገር ግን በዚያ ማሽን የደንበኛ ፍላሽ አይሰካበት፣ የባንክም የይለፍ ቃል አይጻፍበት።