ስለ «ፕሮሜቴዎስ» ፊልም

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሪድሊ ስኮት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 «ኤሊየን» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሠራ፤ በ2012 ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ የሆነውን የሚተርከውን «ፕሮሜቴዎስ»ን አወጣ።

የፊልሙ ብርታት በጥያቄው ነው፤ ሰዎች «ማን ሠራን?» ብለው ወደ ሩቅ ዓለም ይጓዛሉ። ሽማግሌው ባለጸጋ ዌይላንድ ግን የሄደው ከሞት ለማምለጥ ነበርና፥ ዕድሜ ሊለምን በቀረበው ግዙፍ ፍጡር እጅ ሞተ።

ድካሙ በተመራማሪዎቹ ጠባይ ይታያል። በማያውቁት ዓለም የራስ ቁራቸውን ያወልቃሉ፤ ስለ ሕያዋን ያጠናው ሰው እባብ መሳይ አውሬ ሊዳብስ እጁን ይዘረጋል። የተማረም ይሳሳታል፤ ነገር ግን ደራሲ ለማስፈራት ሲል ሊቁን ሞኝ ቢያደርገው፥ ተመልካች በመፍራት ፈንታ ይታዘባል።

ስለዚህ ጥያቄያቸውን ውሰድ፥ ችኮላቸውን ግን ተው።