ተረከዝ የሚድነው በልክ ሲጫን ነው

ተረከዛቸውን የሚያማቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ራጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከተረከዙ አጥንት ሥር ሹል ብላ የበቀለችውን እያሳዩ «ይህችን ያጥፉልኝ» ይሉኛል። እንዲህ ያለች አጥንት ግን ምንም በማያማቸው ሰዎች ተረከዝ ላይም ትገኛለች። ስለዚህ በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከራጁ ይልቅ የታማሚውን ውሎ አስቀድማለሁ። ስንት ሰዓት ይቆማሉ? ምን ተጫምተው? ሕመሙ የሚብሰው መቼ ነው?

«ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መርገጥ ያቅተኛል፤ ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል፤ ማታ ይመለሳል» ካሉኝ፣ ነገሩ ወደ ፕላንታር ፋሺያ ያመለክተኛል። ይህ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ተዘርግቶ የውስጥ እግርን ወጥሮ የሚይዝ ጠንካራ ጅማት ነው። ከአቅሙ በላይ ሲጫን ተረከዙ ላይ በተጣበቀበት ቦታ ይጎዳል። ቀኑን ሙሉ ቆመው በሚያስተምሩ መምህራን፣ በአስተናጋጆች፣ በዐረብ አገር እብነ በረድ ላይ በስስ ነጠላ ጫማ ሲሠሩ በኖሩ እህቶች ላይ አየዋለሁ።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከአልጋ ሳይወርዱ ይጀመራል። የታመመውን እግር ጉልበት ላይ አነባብሮ፣ ጣቶቹን ወደ ቅልጥም መሳብ፤ 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፤ 10 ጊዜ መደጋገም። ባትንም ማሳሳብ ያስፈልጋል፤ የደረቀ ባት ጭነቱን ወደ ተረከዝ ይገፋዋልና።

ሁለተኛው ማጠንከር ነው። ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ከጣቶቹ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ፣ በ3 ሰከንድ ተረከዝን ማንሳት፣ 2 ሰከንድ መቆየት፣ በ3 ሰከንድ መውረድ። በየሁለት ቀኑ ይሠራል። «የታመመ እግር እንዴት ይጫናል?» ብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። የሙያው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጅማት ጨርሶ ሲያርፍ ይደክማል፤ በልክ ሲጫን ይበረታል። ልኩን የሚነግረኝ የማግስቱ ጠዋት ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ከትናንቱ ካልባሰ እንቀጥላለን፣ ከባሰ እንቀንሳለን።

ጭነት መቀነስም ቢሆን የሰውን ኑሮ ማክበር ይፈልጋል። በባዶ እግራቸው ማኅሌት ቆመው ለሚያድሩ መሪጌታ «ይቅርብዎ» አልላቸውም። ከሥራቸው ወፍራም ምንጣፍ እንዲነጠፍ፣ በማግስቱ ረጅም መንገድ በእግር እንዳይሄዱ፣ ቤት ውስጥም ተረከዙ የሚደላ ጫማ እንዲያደርጉ እመክራለሁ።

መታሸት ለጊዜው ያቀላል። የስቴሮይድ መርፌም ለሳምንታት ፋታ ይሰጣል፤ ሲደጋገም ግን ጅማቱን እስከ መበጠስ ሊያደርሰው ይችላል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ይህ ግን ወራት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው እንቅስቃሴውን አይተዉት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ እግር የሚያደነዝዝ፣ እብጠትና ትኩሳት ያለው ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ እንዲሁም የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ ማንኛውንም እንቅስቃሴ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ይይዎት።